አንድ ክፍል፣ ስልሳ አራት ልጆች

በአንድ ክፍል የተቀመጡ ልጆች አንድ ዓይነት አይደሉም። ይህን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ ሁለት ልጆች ያሳደጉ ባልና ሚስት ሁሉ ያውቁታል። አንዱ በአራት ዓመቱ ፊደል ይለያል፤ ሌላው በሰባት ዓመቱም «ለ»ን ከ«ሰ» ያምታታል። አንዷ ገና ጥያቄው ሳያልቅ እጇን ታወጣለች፤ ሌላዋ ዝም ብላ ታስብና ሁሉም ሰው ከረሳው በኋላ ትክክለኛውን መልስ ይዛ ትመጣለች። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች እንዲህ ከተለያዩ፣ ከስልሳ ቤት የመጡትን በአንድ ሰሌዳ፣ በአንድ ፍጥነትና በአንድ ምሳሌ ማስተማር እንዴት ይቻላል? ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ በክፍሌ ብቻ ሳይወሰን ወደ ትዳሬም ገብቶ ነበርና ያየሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ቡናው ሲቀላ ወንበሩ ይጎድላል

ያስተማርኩት በሚዛን ተፈሪ ነው። ከተማዋ ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ትባላለች፤ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም ከቦንጋ፣ ከቴፒና ከተርጫ ጋር ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። እኔ ስገባባት ግን የቤንች ማጂ ዞን ዋና ከተማ ነበረች። አገሩ የዝናብ፣ የጫካና የቡና አገር ነው። በደቡብ በኩል ሰፊው የበበቃ ቡና እርሻ አለ፤ በሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ ቡናና ቅመማ ቅመም የሚበቅልባት ቴፒ ትገኛለች። ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ምኢኒቱ፣ ዲዚው፣ ካፋውና ሸካው እንዲሁም ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከአማራና ከኦሮሞ አካባቢዎች ለሥራ የመጣው ሁሉ በአንድ ገበያ ይገናኛል። ልጆቹም በአንድ ክፍል ይገናኛሉ።

በ1998 ዓ.ም. አራተኛ ክፍል ተሰጠኝ። ተማሪዎቼ 64 ነበሩ። በዚያን ጊዜ በመጀመሪያው እርከን አንድ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ያስተምር ስለ ነበር ልጆቹን ከጠዋት እስከ ማብቂያ የማያቸው እኔው ነበርኩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከተተገበረ ወዲህ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ ይዛወሩ ነበር። ሐሳቡ ልጆች ገና በጠዋቱ ተስፋ ቆርጠው ትምህርት እንዳያቋርጡ ነው። ነገር ግን የጎደለው ሳይሞላ የተዛወረ ልጅ ጉድለቱን ይዞ አራተኛ ክፍል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አምስተኛ ክፍል አለ። በዚያን ጊዜ በደቡብ ክልል ትምህርቱ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። በአማርኛ ማንበብ ያልቻለ ልጅ በእንግሊዝኛ ሳይንስ እንዴት ይማራል? ስለዚህ ያ ዓመት ለብዙዎቹ የመጨረሻው በር ነበር።

ከመስከረም ጀምሮ ቡናው ሲቀላ ደግሞ ወንበሮች ይጎድላሉ። ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ለቀማ ይወጣሉ። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ክፍሉ ትቷቸው ሄዷል። ቡና ለቃሚ የሆነ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ፍሬ ሁሉ በአንድ ቀን አይቀላም። ስለዚህ ወደዚያው ዛፍ ደጋግሞ ይመለሳል፤ ቀዩን ለቅሞ አረንጓዴውን ለሌላ ቀን ይተዋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጨምድዶ የሚያራግፍ ጥሬውን ከበሰለው ይቀላቅላል፤ ቡናውም ይበላሻል። እኛ መምህራን ግን ብዙ ጊዜ እንድናራግፍ ነበር የሚጠበቅብን፤ መጽሐፉን በሰኔ መጨረስ ነበረብን።

መጀመሪያ ማወቅ

በመጀመሪያው ወር ያደረግሁት ቀላል ነገር ነው። አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ። ከላይ ጥቂት ፊደላት፣ ከዚያ ጥቂት ቃላት፣ ከዚያ አንድ አጭር አንቀጽ፣ ከታች ደግሞ አንድ ትንሽ ታሪክ ጻፍኩበት። በዕረፍት ሰዓትና ከትምህርት በኋላ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ አስነበብኳቸው። ለአንድ ልጅ ሦስትና አራት ደቂቃ ይበቃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ጨረስኩ።

ያገኘሁት ከባድ ነበር። ታሪኩን አንብበው ምን እንደሚል የነገሩኝ ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎቹ ቃላት ላይ ቆሙ። ሩብ የሚሆኑት ፊደል ላይ ነበሩ። አንድ ልጅ ደግሞ ፊደሉን ሁሉ ያውቃል፤ ከሰሌዳ መገልበጥ ግን አይችልም። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ነው ችግሩ የገባኝ፤ ሰሌዳውን አያየውም ነበር። ከፊት ወንበር ሳስቀምጠው «ሰነፍ» የተባለው ልጅ መጻፍ ጀመረ።

ይህ የኛ ክፍል ችግር ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ልጆቹን በአራት ምድብ ከፈልኳቸው። «ጎበዝ» እና «ደካማ» የሚል ስም አልሰጠሁም። የአገሩን ቅመም ሰጠኋቸው፤ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብል፣ እርድ። በቀን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ በምድባቸው ይቀመጣሉ፤ በቀረው ሰዓት ሁሉም አንድ ላይ ይማራሉ። አንዱን ምድብ ሳስተምር ሌሎቹ ከካርቶን በተቆረጡ ካርዶች ቃል ይመሠርታሉ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያነባሉ፣ የሚችሉት ደግሞ ይጽፋሉ። በየሁለት ሳምንቱ እንደገና አስነብባቸውና ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ ዋና ነገር ነው። የማይለወጥ ምድብ እስር ቤት ነው፤ አንዴ «የደካሞች ወንበር» ላይ የተቀመጠ ልጅ ስሙን ይለብሰዋል።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ርዕሱን ሳልለውጥ ጥያቄውን ለያየሁት። ርዕሱ ማባዛትና ማካፈል ነው እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «በእያንዳንዱ ቅርጫት 8 ኪሎ እሸት ቡና ካለ በ3 ቅርጫት ስንት ኪሎ አለ?» ይላል። ሁለተኛው፣ «ለአንድ ኪሎ 75 ሳንቲም ቢከፈል 24 ኪሎ የለቀመ ስንት ያገኛል?» ይላል። ሦስተኛው፣ «ከ6 ኪሎ እሸት ቡና 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ቢገኝ፣ 15 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስንት ኪሎ መለቀም አለበት?» የሚል ነው። ማንም ልጅ ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄድ ይችላል፤ ማንም ግን ከመጀመሪያው በታች ቆሞ አይቀርም። ከለቀማ የተመለሱት ልጆች በዚህ ጥያቄ ከከተማው ልጆች ቀደሙ። ክፍያ የሚሰላው በዓይናቸው ፊት ነበራ!

ልጅ የሚያውቀውን ይዞ ይመጣል

ማንበብ ለሚያቅታቸው ልጆች ከመጽሐፉ ውጪ ጽሑፍ ያስፈልግ ነበር። ጽሑፉን ራሳቸው ሰጡኝ። አባቱ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል አንድ ልጅ ነበር። ክፍል ውስጥ ድምፁ አይሰማም። አንድ ቀን ቀፎ እንዴት እንደሚሠራ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። የዛፎቹን ስም፣ ንቡ የሚገባበትን ጊዜ፣ ጭሱ እንዴት እንደሚያዝ አንድ በአንድ ነገረኝ። እኔም በሰሌዳው ላይ እንደ ነገረኝ ጻፍኩት። የራሱን ንግግር ስለ ነበር ከማንም በፊት ያነበበው እርሱ ነው። የምድቡ ልጆች ተከተሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ኮረሪማ ለቀማ፣ ከዚያም ስለ ሚዛን ገበያ ጻፍን።

በመምህራን ማሠልጠኛ ልጆች «በዓይን የሚማሩ»፣ «በጆሮ የሚማሩ» እና «በእጅ የሚማሩ» እየተባሉ እንደሚከፈሉ የተማርን ብዙዎች ነን። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ምሁራን ጥናቶቹን ሰብስበው መረመሩና ልጅን በዚህ ዓይነት ከፍሎ ማስተማር ውጤት እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታወቁ። እኔም በክፍሌ ያየሁት ልዩነት ሌላ ነው። ልጆች የሚለያዩት አስቀድመው በሚያውቁት፣ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በሚፈልጉት የጊዜ መጠን፣ በሚወዱት ነገር፣ አንዳንዴም በጤናቸው ነው። እነዚህን መምህር ጠይቆና አይቶ ሊያውቃቸው ይችላል።

ከሁሉ ያሳሰበችኝ አንዲት የቤንች ልጅ ናት። ከከተማው ወጣ ካለ መንደር በየቀኑ በጭቃ እየተመላለሰች ትማራለች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ፊደል ላይ ነበረች። በጥቅምት አባቷ ከታላቅ ወንድሟ ጋር መጡ። ወንድሟ አስተረጎመ። «መምህርት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ተመላለሰች፤ ስሟን መጻፍ አልቻለችም። ቡና ብትለቅም ይሻላታል» አሉኝ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አባቷን መውቀስ አይቻልም ነበር። የሚሉት እውነት ነው፤ በቤታቸው ደግሞ የአንድ ለቃሚ እጅ ራት ማለት ነው። «እስከ ጥር ይታገሡኝ። እስከዚያ ስሟን ካልጻፈች እርስዎ እንዳሉ ይሁን» አልኳቸው። ለቀማው እስኪያልቅ ቅዳሜና እሑድ ልትሠራ፣ በሌላው ቀን ግን ልትማር ተስማማን።

ቤንችኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃሉን ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ ነው። እኔ በየጠዋቱ አንድ የቤንችኛ ቃል እየጠየቅሁ ክፍሉ ፊት ለመናገር እሞክር ነበር። ድምፁን ሳዛንፈው የቤንች ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ። ያቺ ልጅ መጀመሪያ አፏን የከፈተችው እኔን ለማረም ነው። ደጋግማ አለችልኝ፤ እኔም እስኪሆንልኝ ደጋገምኩ። መምህርቷ ስትታረም ያየች ልጅ መታረምን አትፈራም። ከዚያ ቀን በኋላ አማርኛ ስታነብ ብትሳሳትም አታቋርጥም ነበር።

ክርክሩ ወደ ቤት ገባ

ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነው። ማታ ማታ ጠረጴዛው በካርቶን ቁራጭ ሲሞላ፣ እኔም እስከ ሌሊት ለአራት ምድብ ስዘጋጅ ዝም ብሎ አላየም። ሁለት ነገር ጠየቀኝ። የመጀመሪያው፣ «ለአንዱ ቀላል፣ ለሌላው ከባድ ጥያቄ መስጠት አድልዎ አይደለም ወይ? ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ለስልሳ አራቱ ልጅ ጊዜ አለሽ፤ ለሁለቱ ልጆቻችንና ለእኔስ?» የሚል ነው።

ሁለቱም እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ያልኩት ይህ ነው። ሁለት ልጆች ወንዝ ይሻገሩ ቢባል፣ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ቢሆን፣ አጭሩን ጥልቀት በሌለበት በኩል ማሻገር አድልዎ አይባልም። አድልዎ የሚሆነው አጭሩን «አንተ እዚሁ ቅር» ማለት ነው። ግቡ አንድ ነው፤ መንገዱ ይለያያል። ለሁለተኛው ግን በቃል የሚመለስ መልስ አልነበረም። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ረቡዕና ዓርብ ማታ የትምህርት ቤት ወረቀት ቤት እንዳይገባ፣ ካርዱን በአንድ ጊዜ ሠርቶ ዓመቱን ሙሉ መጠቀም እንዲቻል፣ ወጪውም ከጠመኔና ከካርቶን እንዳያልፍ ተስማማን። ካርቶኑን ከሱቅ የሚለምንልኝ እርሱ ሆነ። የተረፈ ምስማርና ሽቦ ሲያገኝ ሁሉን ነገር መፍታት የሚወደው ትንሹ ልጃችን ደግሞ ካርድ ቆራጭ ሆነ፤ ከታላቁ ጋር በደብተር ሲወዳደር የነበረው ልጅ በመቀስ የሚበልጠው ጠፋ።

ባለቤቴን ግን ያሳመነው የእኔ ክርክር አይደለም፤ የራሱ ክፍል ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይትና በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀምሮ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ጥሩ ጎን ነበረው። በየትኛውም ወረዳ ያለ ልጅ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የማያገኘውን ሙከራ በምስል ያያል። ነገር ግን በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ እየተናገረ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል፤ ማስቆም አይቻልም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት ሄደ ማለት ነው። ቀድሞ የገባው ልጅ ይሰለቻል፤ ያልገባው ይጠፋል።

አንድ ማታ ባለቤቴ፣ «ዛሬ ቴሌቪዥኑ 'ደህና ሠራችሁ' ብሎ አመሰገነን፤ ክፍሉ ውስጥ አንድም ልጅ አልመለሰም» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በኋላ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ፍጥነቱ ለሁሉም እኩል ነው፤ ግን ፍትሕ አይደለም። አንቺ ያልሽው ይሄንን ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ በተፈቀዱለት ጥቂት ደቂቃዎች ትምህርቱን እንደገና ከመተረክ ይልቅ ሦስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ልጆቹ ከሚችሉት ይጀምራሉ።

የተሳካውና ያልተሳካው

ሁሉ ተሳካ ብዬ አልጽፍም። በኅዳር ለለቀማ ወደ በበቃ የሄደ አንድ ልጅ አልተመለሰም። ቤተሰቡ ወዴት እንደ ሄደ ጠይቄ ማወቅ አልተቻለም። በካርድ መለያየት ረሃብን አያስታግሥም፤ ወላጅ ሥራ ፍለጋ ሲዞር ልጅን አንድ ቦታ አያቆይም። ስልሳ አራት ልጆች በአንድ መምህር እጅ መሆናቸውም በብልኃት ብቻ የሚፈታ ችግር አይደለም።

ያቺ ልጅ ግን በታኅሣሥ ስሟን ጻፈች። በጥር አባቷ ሲመጡ ሰሌዳው ላይ የእርሳቸውን ስም ጻፈችላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ «ምን ይላል?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። «አባ፣ አንተን ነው» አለቻቸው። በግንቦት አንድ አንቀጽ አንብባ ትናገር ነበር፤ ወደ አምስተኛ ክፍልም አለፈች።

ከዓመታት በኋላ በሌላ አገርም ሰዎች በዚሁ መንገድ እንደ ሄዱ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1995 በሙምባይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ የሕንድ ድርጅት ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን ከዕድሜያቸውና ከክፍላቸው ይልቅ በደረሱበት ደረጃ መድቦ ያስተምራል። በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ከሰፈሩ የተውጣጡ ወጣት ሴቶች ወደ ኋላ የቀሩትን የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል መሠረታዊውን ያስተምሯቸው ነበር። አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት የልጆቹ ውጤት በግልጽ ተሻሽሎ ተገኘ። ሁለቱ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2019 ከማይክል ክሬመር ጋር የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማትን ተቀብለዋል። እነዚያ ወጣት ሴቶች ብዙ የተማሩ ባለሙያዎች አልነበሩም። ልጁ ካለበት ተነሥተው ማስተማራቸው ግን ፍሬ አፈራ።

ለወላጆችና ለልጆች አገልጋዮች

በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ክፍልም ነገሩ ያው ነው። የአምስት ዓመቱና የአሥራ ሁለት ዓመቱ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው አንድ ጥቅስ በቃል እንዲይዙ ይጠየቃሉ። ትንሹ ያለቅሳል፤ ትልቁ ይቀልዳል። አንዱን ታሪክ ለሁሉም ተርኩላቸው፤ ከዚያ ትንሾቹ ይሳሉት፣ መካከለኞቹ በድራማ ይሥሩት፣ ትልልቆቹ ያንብቡትና ይጠይቁ። ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መዘጋጀትን ግን ይጠይቃል።

በቤት ያላችሁ ወላጆች ደግሞ እነዚህን ሞክሯቸው፦

ልጃችሁን በወንድሙ ወይም በጎረቤት ልጅ አትለኩት። ባለፈው ወር ከነበረበት ጋር አስተያዩት።

«ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ገባህ? ምን አልገባህም?» በሉት።

መምህሩን ስታገኙ ልጃችሁ የሚወደውን ነገር ንገሩት። መምህር ስልሳ ልጆች አሉት፤ የእናንተን ልጅ ከማንም ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ልጁ ከሰሌዳ መገልበጥ ካቃተው ወይም ሲጠራ ካልሰማ፣ ስንፍና ነው ከማለታችሁ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ።

ባልና ሚስት በዚህ ነገር አንድ ቃል ይኑራችሁ። አባት «ሰነፍ» እናት «ጎበዝ» የሚሉት ልጅ ማንን ያምናል?

ስለ መክሊቶቹ የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጌታው ለአገልጋዮቹ እኩል አላከፋፈለም፤ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ ሰጠ። ሲመለስ ግን ባለ ሁለቱን «አምስቱ የታለ?» ብሎ አልጠየቀውም። ሁለቱን አራት ያደረገውም አምስቱን ዐሥር እንዳደረገው ያንኑ ምስጋና ተቀበለ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ለክፍሌ የሚሆን ጥያቄ ነው። ሰኔ ላይ ካርዱን ስሞላ ልጁን ከጎረቤቱ ወንበር ጋር አላስተያየውም፤ መስከረም ላይ ያነበበልኝን ወረቀት አውጥቼ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ አያለሁ። ወላጁም ሲመጣ ያንን ወረቀት አሳየዋለሁ።